ኦትቪል፦ የአንዲት የኖርማንዲ መንደር ጥንተ አመጣጥና የጌቶቿ ታሪክ

በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ወደ ማንሽ ባሕር ዘልቆ በገባው በኮታንታን ልሳነ ምድር፣ ከኩታንስ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አንዲት አነስተኛ መንደር ትገኛለች። ስሟ ኦትቪል ላ ጊሻር ይባላል። የነዋሪዎቿ ቁጥር ከጥቂት መቶዎች አያልፍም። አፈሯ እርጥብ፣ ሣሯ ለምለም፣ ማሳዎቿም በዛፍና በቁጥቋጦ አጥር የተከፋፈሉ ናቸው። ከብት ይረባባታል፣ ወተትና ቅቤ ይገኝባታል፣ ከፖም የሚጠመቅ መጠጥም ይጠጣባታል። መንገደኛ ቆሞ የሚያደንቀው ግንብ የላትም። ይሁን እንጂ በ1130 በፓሌርሞ ዘውድ የጫነው የሲሲሊ ንጉሥ፣ በ1098 አንጾኪያን የያዘው መስፍን፣ በ13ኛው መቶ ዘመን ከሮም ሊቃነ ጳጳሳት ጋር ሲታገል የኖረው ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 2ኛም የዘር ሐረጋቸው ሲቆጠር በዚህችው መንደር ጌታ ደጃፍ ይገናኛል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ነገር ሲተርኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በጀብዱው ላይ ነው። አሥራ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንድ ሰይፍ፣ አንድ ፈረስ፣ ከዚያም መንግሥት። ትረካው ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን እነዚያ ወንድማማቾች ከተወለዱባት ቀዬ ምን አስወጣቸው? ሰይፉና ፈረሱስ በማን ላብ ተገዛ? ይህ ካልተጠየቀ ታሪኩ ከተረትነት አያልፍም።

ኖርማንዲ የሚለው ስም የሰሜን ሰዎች አገር ማለት ነው። ከስካንዲናቪያ በመርከብ እየመጡ የወንዝ ዳር ከተሞችንና ገዳማትን ሲዘርፉ የኖሩት ቫይኪንጎች በ911 ከፈረንሳዩ ንጉሥ ከሻርል ጋር ተስማሙ። መሪያቸው ሮሎ ክርስትናን ተቀብሎ፣ በሴን ወንዝ ግርጌ ያለውን ምድር ከሌሎች ወራሪዎች እንዲጠብቅ ተሰጠው። ሌባን ዘበኛ አድርጎ መቅጠር እንደ ማለት ነው። ኦትቪል የምትገኝበት የኮታንታን ምድር ደግሞ በሮሎ ልጅ ዘመን በ933 ታከለ። መጤዎቹ ቁጥራቸው አነስተኛ ስለ ነበረ ከሁለትና ከሦስት ትውልድ በኋላ ቋንቋቸው ጠፍቶ ልጆቻቸው የአገሬውን ፈረንሳይኛ መናገር ጀመሩ። የቀረው የቦታ ስም ነው። ዛሬ በኖርማንዲ በየአቅጣጫው «ቪል» በሚል ድምፅ የሚያልቁ የመንደር ስሞች ይገኛሉ። ቃሉ ከላቲኑ «ቪላ» የመጣ ሲሆን የእርሻ ይዞታ ማለት ነው። በብዙዎቹ ስሞች ላይ ከዚህ ቃል በፊት የሚገኘው የአንድ የሰሜን ሰው ስም ነው፤ ይዞታውን የያዘው ሰው ስሙን ከመሬቱ ጋር አጣብቆ ሄዷል። ከእርሱ በፊት በዚያው መሬት ያርሱ የነበሩት ግን ስማቸውን በየትኛውም መንደር ላይ አልተዉም።

ኦትቪል በጥሬው «ከፍተኛ ይዞታ» ማለት ነው። የኋላ ዘመን ሰዎች ስሙን ሂያልት ከሚባል የቫይኪንግ አለቃ ጋር ለማያያዝ ሞክረዋል፤ ይህ ግን ለጌቶች ቤት ጥንታዊ አባት ፍለጋ የተፈጠረ ይመስላል። የቤቱን ታሪክ በቅርብ የጻፈው መነኩሴ ጎፍሬዶ ማላቴራ ይህን አባት አያውቀውም። ማላቴራ በ11ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በሲሲሊ የኖረ፣ መጽሐፉንም የኦትቪሉ ጌታ ልጅ በሆነው በቆንት ሮዤ ፈቃድ ያዘጋጀ ሰው ነው። መንደሪቱ «ከፍተኛ» የተባለችው በተራራዋ ርዝመት ሳይሆን ልጆቿ ወደፊት ከፍ እንደሚሉ ለማመልከት ነው ይላል። የጌታውን እንጀራ የሚበላ ጸሐፊ ከዚህ ሌላ ምን ሊል ይችላል! በኖርማንዲ ኦትቪል የሚባሉ ሌሎች መንደሮች ስላሉ ጉዳዩ ያከራከረ ቢሆንም የጌቶቹን ቤት ከዚህች ከኩታንስ አጠገብ ካለችው መንደር ጋር የሚያያይዘው የቆየ ልማድ ነው።

በዚያን ዘመን የኖርማንዲ መንደር ማለት ጌታው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወፍጮውና ገባሩ ማለት ነው። መሬቱ ለጌታው የተሰጠው በመስፍኑ ሠራዊት ውስጥ ፈረሰኛ ሆኖ እንዲያገለግል ሲሆን፣ ፈረሰኛነት ደግሞ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ ነበር። የሰለጠነ የጦር ፈረስ፣ ከብረት ቀለበት የተሠራ ጥሩር፣ የራስ ቁር፣ ሰይፍና ጦር ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚሸፍነው የገባሩ እህል፣ ዶሮ፣ እንቁላልና የጉልበት ሥራ ነው። ገበሬው በጌታው ሁዳድ ላይ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ አጥር ያጥራል፣ እህሉን በጌታው ወፍጮ አስፈጭቶ ድርሻ ይከፍላል። ዱሩና ወንዙም የጌታው ነው፤ ማገዶ ለመልቀምና ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ ያሻል።

ገበሬው ይህን በዝምታ የተቀበለ እንዳይመስል በ996 አካባቢ የሆነውን ማስታወስ ይገባል። መስፍን ሪሻር 2ኛ ገና ሥልጣን እንደ ያዘ የኖርማንዲ ገበሬዎች በየአውራጃው ስብሰባ ማድረግ ጀመሩ። ዱሩንና ውኃውን እንደ ፈቃዳቸው ሊጠቀሙ ወሰኑ። ከየስብሰባው ሁለት ሁለት መልእክተኞችን መርጠው ውሳኔያቸውን በአገሪቱ መካከል በሚደረግ አንድ ጠቅላላ ጉባኤ እንዲያጸድቁ ላኳቸው። በ10ኛው መቶ ዘመን የተደረገ የእንደራሴዎች ጉባኤ ነው! መስፍኑ አጎቱን ቆንት ራውልን ላከባቸው። ቆንቱም መልእክተኞቹን ይዞ እጃቸውንና እግራቸውን አስቆረጠ፤ እንደዚያ አድርጎም ለላኳቸው ሰዎች መለሰላቸው። ይህን የጻፈው የዡሚዬዥ ገዳም መነኩሴ ጊዮም፣ ገበሬዎቹ ይህን አይተው ስብሰባቸውን ትተው ወደ ሞፈራቸው ተመለሱ ብሎ ወሬውን በአጭሩ ይዘጋል። ገዳሙም በገባር የሚተዳደር ነበርና ከዚህ በላይ ቀለም ማፍሰስ አላስፈለገውም። ከመቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ባለቅኔው ዋስ ታሪኩን በሕዝቡ ቋንቋ ሲያነሣው ለገበሬዎቹ ረጅም ንግግር ሰጥቷቸዋል። ከተቆረጡት እንደራሴዎች የአንዱም ስም ግን አልተጻፈም።

የኦትቪሉ ጌታ ታንክሬድ በዚያ ጊዜ ወጣት ወይም ልጅ እግር ነበር። ስለ እርሱ የሚታወቀው ጥቂት ነው። ማላቴራ እንደሚተርከው መስፍን ሪሻር ለአደን በወጣ ጊዜ አንድ ከርከሮ ውሾቹን ሲፈጅ ታንክሬድ ደርሶ ሰይፉን በግንባሩ ላይ እስከ እጀታው ሰካበት። መስፍኑም በዚህ ተደንቆ በቤተ መንግሥቱ የአሥር ፈረሰኞች አለቃ አደረገው። አሥር ፈረሰኛ ማለት ብዙ አይደለም፤ ከታላላቆቹ ባላባቶች ተርታ የሚያሰልፍም አልነበረም። ታንክሬድ ያገኘው ሀብት ልጅ ነበር። ከመጀመሪያ ሚስቱ ከሙሪኤላ አምስት፣ እርሷ ከሞተች በኋላ ካገባት ከፍሬሰንዳ ሰባት፣ በድምሩ 12 ወንዶች ተወለዱለት። ሴቶች ልጆችም ነበሩት፤ ነገር ግን ጸሐፊዎቹ የወንዶቹን ስም አንድ በአንድ ሲቆጥሩ ሴቶቹን ለመቁጠር አልደከሙም። ከእነርሱ አንደኛዋ፣ የእናቷን ስም የያዘችው ፍሬሰንዳ፣ የካፑዋ መስፍን ለመሆን የበቃውን ሪሻርን አግብታለች።

አሥራ ሁለት ወንድ ልጅ፣ አንድ ይዞታ። ማላቴራ ጌቶቹን ለማወደስ ብዙ ቢደክምም በዚህ ነጥብ ላይ እውነቱን አልሸሸገም። ልጆቹ በጎረቤት የሆነውን ተመለከቱ ይላል። አባት ሲያረጅ ወራሾች በርስት ይጣላሉ፤ ለአንድ ሰው የተሰጠው መሬት ለብዙ ሲከፋፈል ለማንኛቸውም አይበቃም። የእነርሱም ዕጣ ይኸው እንዳይሆን ተማክረው ታላላቆቹ ቀድመው ወጡ። ለማረስ ወንድማማቾቹ ጌቶች ናቸው፤ ለመግዛት ደግሞ መሬቱ ጠባብ ነው። ገበሬውን ከዚህ በላይ ቢጨምቁትም ከአንዲት መንደር አሥራ ሁለት የጦር ፈረስ አይወጣም። ስለዚህ ሌላ ገባር ፍለጋ ሄዱ።

በዚያን ጊዜ የደቡብ ኢጣልያ ወሬ በኖርማንዲ በየጌታው ቤት ይሰማ ነበር። በዚያ የሎምባርድ መሳፍንት እርስ በርሳቸው ይዋጋሉ፤ አፑልያና ካላብሪያ በቁስጥንጥንያ ንጉሠ ነገሥት እጅ ናቸው፤ ሲሲሊን የያዙት የዓረብ አሚሮችም ተከፋፍለዋል። ለሁሉም ቅጥር ወታደር ያስፈልጋቸው ነበር። በ1030 ራይኑልፍ የሚባል ኖርማን አቬርሳን በቅጥር አገልግሎቱ ዋጋ ተቀብሎ ጌታ ሆኖባታል። የታንክሬድ የበኩር ልጆች ጊዮምና ድሮጎ በ1035 ገደማ ወደዚያው ወረዱ። በ1038 የቢዛንታይኑ የጦር አዛዥ ማንያኬስ ሲሲሊን ለማስመለስ ሲዘምት ከሰሌርኖ መስፍን በተላኩት ኖርማኖች መካከል ነበሩ። ጊዮም በሲራኩዛ ፊት ለፊት የከተማይቱን አሚር ገድሎ «ባለ ብረት ክንዱ» የሚለውን ስም ያገኘው በዚህ ዘመቻ ነው።

ዘመቻው የፈረሰው በአንድ ፈረስ ሳቢያ ነው ይባላል። የኖርማኖቹ ጓድ የነበረ አርዱዊን የተባለ ሎምባርድ በምርኮ ያገኘውን ፈረስ አልሰጥም በማለቱ በማንያኬስ ትእዛዝ ተገረፈ። እርሱም ቂሙን ቋጥሮ በ1041 ኖርማኖቹን ወደ መልፊ አምባ አስገባ። በዚያው ዓመት በሦስት ውጊያዎች የቁስጥንጥንያን ሠራዊት አሸነፉ። በሚቀጥለው ዓመት ጊዮምን አለቃ አድርገው መረጡ፤ የአፑልያን ከተሞችም ለአሥራ ሁለት አለቆች ተከፋፈሉ። በቅጥር የመጣ ወታደር ቀጣሪውን አውርዶ ርስቱን ወረሰ።

ከሁለተኛይቱ ሚስት የተወለደው የበኩር ልጅ ሮቤር ወደ ኢጣልያ የመጣው በ1047 አካባቢ ነው። ዝናው ከሁሉም የበለጠው እርሱ ነው። የቁስጥንጥንያ ንጉሠ ነገሥት ልጅ አና ኮምኔና ከዘመናት በኋላ በጻፈችው የአባቷ ታሪክ ውስጥ ከኖርማንዲ ሲወጣ 5 ፈረሰኛና 30 እግረኛ ብቻ ይዞ ነበር ትላለች። የአባቷ ጠላት ቢሆንም ቁመቱን፣ የትከሻውን ስፋት፣ የዓይኑን እሳትና የድምፁን ግርማ ሳትደብቅ ትገልጻለች። ነገር ግን መነሻውን እንደ ወንበዴ ነው የምትቆጥረው፤ በዚህም አልተሳሳተችም። በአባት የሚገናኘው ወንድሙ ድሮጎ መሬት ከልክሎ ወደ ካላብሪያ ድንበር ወባ ወዳለበት ቦታ ሰደደው። በዚያ ሮቤር ከብት እየነዳ፣ ሀብታሞችን እየያዘ ዋጀኝ እያስባለ ኖረ። «ጊስካር» የሚለው ቅጽል፣ ትርጉሙም ብልጣ ብልጥ ማለት የሆነው፣ የተጣበቀበት በዚህ ጊዜ ነው።

የአገሬው ገበሬ ግን ይህን እንደ ጀብዱ አላየውም። እህሉ ተቃጥሏል፣ ወይኑ ተቆርጧል፣ ከብቱ ተነድቷል። በ1051 ድሮጎ በአገሬው ሰዎች ተገደለ። የሕዝቡ አቤቱታ ለሮም ደርሶ ሊቀ ጳጳስ ሊዮ 9ኛ ራሳቸው ጦር አስከትተው መጡ። በሰኔ 1053 በቺቪታቴ በተደረገው ጦርነት ኖርማኖቹ ስንቅ አጥተው ነበር። ሕዝቡ ስለ ጠላቸው የሚሸጥላቸው ስላልነበረ ከማሳው እሸት እየቀጠፉ በእሳት ጠብሰው እንደ በሉ ተጽፏል። ቢሆንም ድሉ የእነርሱ ሆነ፤ ሊቀ ጳጳሱም ተማረኩ። ከስድስት ዓመታት በኋላ፣ በ1059፣ ሌላው ሊቀ ጳጳስ ኒቆላዎስ 2ኛ በመልፊ ጉባኤ ሮቤር ጊስካርን የአፑልያና የካላብሪያ መስፍን፣ ገና ያልተያዘችው የሲሲሊም መስፍን አድርገው ሾሙት። የትናንቱ ዘራፊ የቤተ ክርስቲያን ባለአደራ ለመሆን የፈጀበት ጊዜ ይህን ያህል ብቻ ነው።

ከሁሉም ታናሽ የነበረው ሮዤ ነው። ሲሲሊን ለመያዝ ሠላሳ ዓመት የደከመው እርሱ ሲሆን፣ መሲና በ1061፣ ፓሌርሞ በ1072፣ የመጨረሻዋ ኖቶ በ1091 ወደቁ። በ1062 ክረምት በትሮይና አምባ ላይ በአገሬው ግሪኮችና በሙስሊሞቹ ተከቦ አራት ወር ያህል ተራበ። እርሱና ወጣት ሚስቱ ጁዲት ለሁለት አንድ ካባ ብቻ ስለ ነበራቸው ብርድ ሲጠና እየተፈራረቁ ይለብሱት ነበር። ይህን የሚተርከው ማላቴራ ነው፤ ሮዤ በወጣትነቱ ፈረስ መስረቁንም ይጨምራል። የሚገርመው ይህን እንዲጽፍ ያዘዘው ሮዤ ራሱ መሆኑ ነው። ከምን ዓይነት ድህነት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ትውልድ እንዲያውቅለት ፈለገ። ድህነቱ ግን የጌታ ልጅ ድህነት ነበር። በትሮይና የካባውን ተራ ሲጠብቅ ከግንቡ ሥር የነበሩት ሰዎች ደግሞ ይህ ሰው ለምን ወደ ቤታችን እንደ መጣ ይጠይቁ ነበር።

ከአሥራ ሁለቱ ወንድማማቾች ኦትቪልን የወረሰው ሰርሎ ነው። እርሱም ሰው ገድሎ በመስፍኑ ቁጣ ወደ ብሬታኝ ተሰድዶ ቆይቷል፤ በኋላ ምሕረት አግኝቶ ተመለሰ። አባቱ በቀረበት ስፍራ ልጁ አልቀረም። በስሙ ሰርሎ የተባለው ወጣት አጎቶቹን ተከትሎ ሄዶ በ1072 በሲሲሊ ደፈጣ ውስጥ ገብቶ ሞተ።

ታንክሬድ ያላያቸው የልጅ ልጆቹ ደግሞ ከአባቶቻቸው ርቀው ሄዱ። የጊስካር ልጅ ቦሄሞን በመጀመሪያው የመስቀል ጦርነት አንጾኪያን ያዘ። የሮዤ ልጅ ሮዤ 2ኛ ታኅሣሥ 25 ቀን 1130 በፓሌርሞ ንጉሥ ተብሎ ዘውድ ጫነ። በጽሕፈት ቤቱ ላቲን፣ ግሪክኛና ዓረብኛ ጎን ለጎን ይጻፉ ነበር። ዛሬ በቪየና የሚገኘው ቀይ የሐር ካባው ጫፉ ዙሪያውን በዓረብኛ ጽሑፍ የተጠለፈ ነው፤ በትሮይና ለሁለት ይለበስ ከነበረው ካባ እስከዚህ ድረስ ያለው ርቀት የአንድ ትውልድ ብቻ ነው። የጥበብ ሰዎች ይህን ንጉሥ የሚያስታውሱት በይበልጥ በመልክዓ ምድር ሊቁ በአል ኢድሪሲ ነው። ሊቁ በንጉሡ ትእዛዝ የዓለምን ካርታ በብር ሰሌዳ ላይ አስቀርጾ፣ በ1154 «የሮዤ መጽሐፍ» ተብሎ የሚታወቀውን ሥራውን ፈጸመ። የአባይን ወንዝና የሐበሻን ምድር የሚመለከት ክፍልም አለው። ከኩታንስ አጠገብ ያለች መንደር ጌታ የልጅ ልጅ፣ ስለ ሐበሻ ምድር በዓረብኛ የሚጽፍ ሊቅ ቀላቢ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

የሮዤ ቤት በወንድ በኩል የነገሠው ለ64 ዓመታት ነው። የሮዤ 2ኛ ልጅ ኮንስታንስ ለጀርመኑ ሄንሪክ 6ኛ ተድራ ስለ ነበር፣ ወንድ ወራሽ ሲጠፋ ባሏ መጥቶ ታኅሣሥ 25 ቀን 1194 በዚያው በፓሌርሞ ዘውዱን ወሰደ። በማግሥቱ ኮንስታንስ በዬዚ ከተማ ፍሬድሪክን ወለደች። የሲሲሊ ሙስሊሞች ከደሴታቸው እየተነቀሉ ወደ ሉቼራ የተጋዙት በዚህ ንጉሥ ዘመን ነው።

ወንድማማቾቹ ወደ ኦትቪል ተመልሰው ቤት አልሠሩም። መቃብራቸውም በዚያ አይደለም፤ የጊዮም፣ የድሮጎ፣ የኦንፍሮይና የሮቤር ጊስካር አፅም ያረፈው በኢጣልያ በቬኖዛ ገዳም ነው። ኖርማንዲ በ1204 ወደ ፈረንሳይ ዘውድ ተጠቃለለች፤ የመንደሪቱ ገበሬ ለሌሎች ጌቶች ሲገብር ኖሮ የጌትነት መብት በሕግ የተሻረው በነሐሴ 1789 ነው። አሁን በመንደሪቱ ለታንክሬድና ለልጆቹ መታሰቢያ የሚሆን ትንሽ ሙዚየም አለ።

ከሩቅ አገር የተዘረፈው ወርቅ ግን ጥቂቱ ወደ ቀድሞው አገር ተመልሷል። የኩታንሱ ጳጳስ ጆፍሯ ደ ሞንብሬ ካቴድራሉን ለመሥራት ገንዘብ ቢቸግራቸው ወደ ኢጣልያ ወርደው በሀገረ ስብከታቸው የተወለዱትን ጌቶች፣ በተለይም ሮቤር ጊስካርን፣ ለመኑ። ወርቅ፣ ብርና የከበረ ልብስ ተሸክመው ተመለሱ። ካቴድራሉም በ1056 ተባረከ። በ13ኛው መቶ ዘመን ሕንፃው በጎቲክ አሠራር ሲታደስ አናጺዎቹ የቀድሞዎቹን ማማዎች አላፈረሷቸውም፤ በአዲሱ ድንጋይ ሸፈኗቸው። ወደ ኩታንስ የሚመጣ ሰው ከሩቅ የሚያያቸው ሁለት ሹል ማማዎች በሆዳቸው ውስጥ አሮጌዎቹን ይዘዋል።